ጀልባ ላይ ውሃ የጫነው ሰው

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ፣ ተቀንሶ፣ መጨረሻ ላይ ምን ያህል ይሆናል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ጥያቄ በትልልቅ መጻሕፍት ውስጥ ፈለግሁት። ከዚያ ነቀምቴ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ተማሪዎቼን ጠየቅኋቸው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ አላገኘሁም። ኦቦ ሞረዳን ብጠይቀው ግን ዓይኑን ሳያርገበግብ እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። «በደቂቃ ስንት ሊትር?» ይለኛል።

በየከተማው አንድ ሞረዳ አለ፤ የሌለበት ከተማ ካለ ገና ከተማ አልሆነም። የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል። ዕቃ የሚገዛ ሰው አለ፤ ዕቃው ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ ቤት ገብቶ፣ ደረሰኙ ከጠፋ በኋላ መጥቶ «ማንን ጠይቀህ ገዛኸው?» የሚል ሰው ደግሞ አለ። ዲጋ ውስጥ ይህን ጥያቄ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚጠይቅ ሰው አውቃለሁ። አርጆ ውስጥ ስለ ላም የሚጠይቅ ነበረ። ነፍሱን ይማርና፣ የሞተ ቀን የሬሳ ሳጥኑን ማን እንደመረጠው ተነሥቶ ባለመጠየቁ ለቀስተኛው ሁሉ መሞቱን ያን ጊዜ አመነ። የነቀምቴው፣ የእኛው፣ የፓምፕ ነው።

ክቡር ኦቦ ሞረዳ፣ የወለጋ የፓምፕ ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ፣ ማንም ያልሾማቸው፣ ስለዚህም ማንም የማይሽራቸው! ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ እሱ ካቻቢቴ ይሰካል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም አያወጣውም፤ በትንሽ ካቻቢቴ ይለውጠዋል እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ዲፕሎማ የያዙ ልጆች ሲመጡ «በቃህ» ተባለ። ሰው እየሳቀ «ኢንጂነር» ይለዋል። እሱ ሳይስቅ «አቤት» ይላል።

እኔን ያገኘኝ በውሃ ፈረቃ ምክንያት ነው። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቴ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣ ስለነበር ወደ ጣሪያ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ሞረዳ ሳይጠራ በሩ ላይ ቆመ።

«አከም ቡልቴ፣ ባርሲሳ» አለኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ እስከ ዛሬ ባርሲሳ ነኝ። ሰላምታውን ሳልጨርስ ተንበርክኮ ጆሮውን ፓምፑ ላይ ለጠፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከኋላችን የምታወራውን ባለቤቴን በአንድ ጣቱ ጸጥ አሰኛት። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ያልሞከርኩት ነው።

«ማንን ጠይቀህ ገዛኸው?»

«ሻጩን።»

«ሻጩን!» ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ አየ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ሻጭ ይጠየቃል?»

«ታዲያ ማን ይጠየቃል?»

«ይሄ ፓምፕ አይደለም፤ ሳል ነው። አየር እየሳበ ነው። ሦስት ሳምንት ይሰጥሃል።»

በሃያ ሁለተኛው ቀን ተቃጠለ። በአንድ ቀን እንኳ ልረታው ብዬ መንገድ ላይ አስቁሜ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «አንዱን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር» አለኝ። እውነትም ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መውደድ ከባድ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እወደው ነበር።

ሠርግ ላይም ያው ነው፤ ለቅሶ ላይም ያው ነው። ዲጋ ለቅሶ ሄደን ወንጌላዊው ሲጸልይ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ የሞረዳ አንገት ግን ከድንኳኑ ጀርባ ወደሚንኳኳው ጀነሬተር ዘንበል ብሎ ነበር። አርጆ ላይ ደግሞ ሙሽራው አጠገብ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ማንን ጠይቀህ ነው ያመጣሃት?» አለው። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ሞረዳ የሚጠይቀው በጓሮ በኩል ስለቆመችው የውሃ ቦቴ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጀልባዋ ልምጣ።

ከፊንጫአ ግድብ ጀርባ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ውሃው መጥቶ ቀያችንን ለሁለት ከፈለው። ገበያውና ጤና ጣቢያው ወዲህ ቀሩ፤ ታላቅ እህቴ ድርቤ ያገባችበት መንደር ወዲያ ቀረ። በእግር ዞሮ መምጣት ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል። ድርቤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት አለባት፤ በየወሩ መድኃኒቷን ለመውሰድ የግድ መሻገር አለባት። እንደ እሷ ያለው ብዙ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ዳርቻ ሰዎች እድራቸውን አንድ አድርገው ጀልባ አሠሩ።

ያሠራነው ግን እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ጀልባ አናውቅም፤ የምናውቀው ሚኒባስ ነው። ለዝናቡ ጣሪያ ይኑራት አልን፤ ተሠራላት። ጣሪያ ካላትማ ፖርቶመጋላ ይኑራት፣ ዕቃ ከላይ ይጫን አልን፤ ተበየደላት። በኋለኛው በር ላይ መሰላል አደረግንላት። ቀንድ የመሰለ ጡሩምባ ሳይቀር ገጠምንላት። ባለፈው ክረምት በቆሎው ጣሪያዋ ላይ ተቆልሎ፣ ታች ወንበሯ ላይ አምስት ሰው ብቻ ተቀምጦ ስትመጣ ነፋስ አገኛትና ተገለበጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልሞተም። ድርቤን ባዶ ጀሪካን እንዳቀፈች አወጧት። ቀበሌው ጀልባዋን በሰንሰለት አሰራት፤ ካልተስተካከለች ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች ተባለ። እህቴም እንደገና በእግሯ መዞር ጀመረች። በሁለተኛው ወር መንገድ ላይ ወድቃ በቃሬዛ መለሷት።

ይህን ለሞረዳ የነገርኩት ለማዋየት ያህል ነበር።

«ማንን ጠይቃችሁ አሠራችኋት?» አለኝ። ከዚያ ግን እንደ ወትሮው አልቀጠለም። ወደ የትኛው ጎን ነው ያዘነበለችው? ወለሏ ከውሃው ስንት ስንዝር ይወርዳል? ድርቤ የት ጋ ነበር የተቀመጠችው? ጠይቆ ጠይቆ ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐይቁ ልሄድ መናኸሪያ ስደርስ ቀድሞኝ ተሳፍሮ አገኘሁት።

ሐይቁ ዳር ጀልባዋን ሦስት ጊዜ ዞራት። በካቻቢቴው እጀታ ጎኗን እያንኳኳ አዳመጣት። የጀልባዋ አንቀሳቃሽ ገመቺስ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ረጅም ሰው፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። እህቴም ያን ሰሞን እኔ ዘንድ ልትታከም መጥታ ስለነበር አብራን አለች።

«ራሷ ከባድ፣ ሆዷ ባዶ» አለ ሞረዳ በመጨረሻ፤ ወደ እኔ ዞሮም፣ «ጀልባችሁ የተማረ ሰው ነው የምትመስለው።»

ፖርቶመጋላው የዚያኑ ቀን ተቆረጠ። ወደ ጣሪያው ሲያይ ግን ድርቤ ተነሣች።

«ጣሪያዬን እንዳትነካ! ዝናቡን አንተ ልትከለክልልኝ ነው?»

«አልነካም፣ አዴ።»

«ሆዷ ከቀለለ ድንጋይ እንጫንባታ!» አለ ገመቺስ።

«ሃያ ሰው ሲገባ ድንጋዩን ማን ያወርድልሃል? አንተ?» አለ ሞረዳ። «እኔ የምፈልገው ሰው ሲያንስ የሚገባ፣ ሰው ሲበዛ የሚወጣ ክብደት ነው።»

«እንዲህ ያለ ክብደት የት አለ?»

ሞረዳ በአገጩ ወደ ሐይቁ ጠቆመ።

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ውሃ ላይ ውሃ ሊጭን! ሳቁ እኛን ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ነገሩ ግን ቀላል ነበር። ከወለሉ ሥር ታንከር ይበየዳል፤ ተሳፋሪ ሲያንስ ፓምፕ ከሐይቁ ስቦ ይሞላዋል፤ ጀልባዋ ከበድ ብላ ትቀመጣለች። ተሳፋሪ ሲሞላ ሌላ ፓምፕ ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል። ሞረዳ ይህን ውሃ «የሆድ ውሃ» ይለዋል።

ፓምፑን ለመምረጥ ነቀምቴ እትዬ ወሰኔ መደብር ገባን። አያቷ ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ በኦሮምኛ ትሸጣለች፣ በአማርኛ ትሳደባለች። ሦስት ፓምፕ መደርደሪያው ላይ አሰለፈች። አንዱ የቤት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነበር፤ ሐይቅ መሃል መብራት የለም፤ ወደ ጎን ተገፋ። ሁለተኛው የመስኖ የቤንዚን ፓምፕ ነበር፤ «ይሄ ጀልባዋን አይሞላም፤ ይዟት ይሄዳል» ተብሎ ተገፋ። ሦስተኛው በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ጡጫ የሚያህል ነገር ነበር። ሞረዳ አንሥቶ አሸተተው።

«ሳጥኑ ላይ በሰዓት ሁለት ሺህ ሊትር ይላል» አለች ወሰኔ።

«ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው የሠራው ሰው ምኞት ነው። በርሜል ውሃ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ጀሪካን አምጪ።»

«ኧረ በሞቴ! አያ ሞረዳ፣ ፓምፕ ነው ወይስ ሙሽራ ነው የምትመርጠው?»

«ሙሽራ ቢሳሳቱ ሁለት ሰው ያለቅሳል። ይሄን ብሳሳት መንደር ያለቅሳል።»

ወሰኔ በርሜሉን ራሷ አስመጣች። ሞረዳ የፓምፑን ጎማ በክንዱ ልክ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ጀልባዋ ላይ ውሃው የሚወጣው ያን ያህል ነውና። እኔ ሰዓት ያዝኩ። ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በአርባ ስምንት ሰከንድ ሞላ። «ይኸው!» አለ በደስታ፤ «ሁለት ሺህ ያሉት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው!» የተዋሸ ሰው እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ለማስገቢያ፣ አንዱን ለማውጫ። ደንበኛው ሁሉ ሊያይ ተሰብስቦ ስለነበር ወሰኔ ያን ቀን ሌሎች አምስት ፓምፖች ሸጠች።

ገጠማው አራት ቀን ፈጀ። ከወለሉ ሥር፣ ከግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን፣ አራት መቶ ሊትር የሚይዝ አንድ ታንከር ተበየደ። ፓምፑን ሁልጊዜ ውሃ እንዲያገኝ ከውሃው ልክ በታች አኖረው። ጎማውን ወደ ላይ ወስዶ እንደ ዝይ አንገት አጠፈው፤ አለበለዚያ ፓምፑ ሲቆም ሐይቁ ራሱ እየገባ ይሞላል አለን። ከታንከሩ አናት ቀጭን ቱቦ አወጣ። «መተንፈሻ ነው» አለ፤ «ካልተነፈሰ አይጠጣም።» እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ አቀብዬው ሁለት ጊዜ፣ «ዩኒቨርሲቲ ምን ነበር ያጠናኸው?» ብሎኛል። ፍልስፍና ነው ስለው ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

የሙከራው ቀን የቀበሌው ሰው መጣ። ታንከሩን ለመሙላት አሥራ ስድስት ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ ሞረዳ በሰው ጫጫታ መሃል ሰዓቱን እያየ አሥራ ሰባት ቆጠረና «ሞልቷል» አለ። ሞረዳን ጨምሮ ስድስት ሰው ተሳፍሮ ጀልባዋ ወጣች። ከዳር ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደራቀች ተሳፋሪው ዳር ለቆመው ዘመዱ እጁን ሊያውለበልብ ወደ አንድ ጎን ጠጋ አለ። ያን ጊዜ ከወለሉ ሥር አንድ ከባድ ነገር «ጓ!» ብሎ ወደዚያው ጎን ሄደ። ጀልባዋ አዘነበለች። ሴቶች ጮኹ። ገመቺስ እንደምንም አዙሮ መለሳት። ማንም አልወደቀም፤ እስከ ጉልበቱ ያልራሰ ግን አልነበረም።

ታንከሩ ሲከፈት ግማሽ ብቻ ነበር። ግማሽ የሞላ ውሃ ደግሞ ጀልባዋ ወዳዘነበለችበት እየሮጠ ጨርሶ ይገለብጣታል፤ ከባዶነት የከፋ ነው። ለምን ግማሽ ሆነ? ባትሪው ደክሞ ፓምፑ መሃል ላይ ቆሞ ነበር። ባትሪው ለምን ደከመ? ገመቺስ መሬት መሬት እያየ ተናዘዘ። በወዲያኛው ዳርቻ መብራት የለም፤ ጀልባዋ ላይ ባትሪ መገጠሙ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስልኩን ላከ፤ ዘመድ እንዴት እምቢ ይባላል? ከዋዜማው ጀምሮ አሥራ አንድ ስልክ ሰክቶ ነበር። ከአሥራ አንዱ አንዱ የእህቴ ነው።

«ውሃ ላይ ውሃ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ ተነሣ። ሁላችንም ወደ ሞረዳ ዞርን። ያቺ ጥያቄው እንዲህ የተገባችበት ቀን አልነበረም፤ «ማንን ጠይቀህ ሰካኸው?» ሊለው ነው ብለን ጠበቅን። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይጨምቅ ነበር። ቆይቶ ቀስ ብሎ፣ «ልጁን ተዉት። እኔ ሰዓት ነው ያየሁት። ታንከሩን ከፍቼ እጄን ማስገባት ነበረብኝ» አለ።

እኔ ስንት ዓመት ልረታው ስጠብቀው የኖርኩት ሰው ተረታ፤ ደስታውን ፈልጌ አጣሁት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ መንገዱን ሁሉ ስለ ጥያቄው አሰብኩ። «ማንን ጠይቀህ?» ሲለን ሊያሳፍረን ይመስለን ነበር። ከጣቢያው ወጥቶ ከቤቱ የዋለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተማረውን የሚጠይቀው ያጣ ሰው፣ «እኔ እዚህ ነበርኩ እኮ» የሚለውን በሌላ በምን ቃል ይናገረው?

ቀበሌው አንድ ሙከራ ብቻ ጨመረለት። ሞረዳ ታንከሩን አስወጥቶ በአራት ትንንሽ ታንከር ተካው፤ አንዱ ጢም ሳይል ሌላው አይጀመርም፤ ፓምፑ ቢቆም እንኳ የሚጎድለው አንዱ ብቻ ነው። በየታንከሩ ጎን ግንበኞች ለውሃልክ የሚይዙትን ግልጽ ጎማ አቆመ፤ ውሃው የደረሰበት በዓይን ይታያል። ስልክ መሰካትንም አልከለከለም። ጣሪያዋ ላይ ትንሽ ሶላር፣ ከወንበሩ ሥር ሌላ ባትሪ አደረገና «ይሄ የስልክ ነው፤ ያኛው የነፍስ ነው» ብሎ በኦሮምኛ በቀይ ቀለም ጻፈበት።

ጀልባዋ ዛሬም በቀን ሁለት ጊዜ ትሻገራለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ስለ ድርቤ እንዳይጨነቅ ነው። ልጽፍ የፈለግሁት ግን ከመሻገሯ በፊት ስለነበረችው ግማሽ ሰዓት ነው።

ጠዋት ነበር፤ ነፋስ ነበር፤ ነፋሱን የመረጠው ሞረዳ ነው። የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጣ። አራቱን ታንከር አንድ በአንድ ሞላ፤ ጎማውን አየ፤ ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ የእያንዳንዱን ክዳን ከፍቶ ክንዱን አስገባ። ጀልባዋ አንድ ስንዝር ዝቅ አለች። ዳር ላይ ወደ አሥራ አራት ሰው ቆሟል፤ የሚስቅ የለም። ሞረዳ ጀልባዋ አፍ ላይ ቆሞ ወደ እኛ ዞረ። 

«አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለ። «የመጀመሪያውን ብቻዬን ልሻገር። ገመቺስም ይውረድ፤ ሞተሩን እኔ እይዘዋለሁ። ደርሼ ስመለስ ትገባላችሁ።»

«ዋና ታውቃለህ?» አለችው ድርቤ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትከሻውን ተደግፋ ገባች። «ባዶዋን ብትሻገር ምኑን ታውቀዋለህ? ስትገለበጥ ከውስጧ የወደቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ የተቀመጥኩበት ቦታ እቀመጣለሁ።»

«አዴ፣ ማሎ፣ እባክሽ ውረጂ።»

አልወረደችም። ገመቺስ ሞተሩን አልለቀቀም። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ቀኝና ግራውን እያመዛዘኑ፣ ሳይነጋገሩ ገቡ። የቀበሌው ሰው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ገባ። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። እግሬን ሳነሣ ሞረዳ ክንዴን ያዘኝ፤ እጁ እስከ ክርኑ ርሷል።

«ባርሲሳ፣ ቢያንስ አንተ ቅር» አለኝ በጆሮዬ። «ብትገለበጥ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጁ አለመሆኑን የሚናገር አንድ ሰው ዳር ላይ ይኑር። እባክህ።»

አልቀረሁለትም።